ፊልትሮው ሲዘጋ ከብቱ ፀሐይ ላይ ይቆማል

ከሞያሌ ፍየል ወይም በሬ ጭኖ ናይሮቢ የሚገባ ሎሪ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከዚህ ውስጥ እስከ ማርሳቢት ያለው 250 ኪሎ ሜትር ገደማ መንደር ከመንደር የሚራራቅበት ነው። ከቱርቢ እስከ ቡቢሳ ደግሞ ዲዳ ገልገሉ የሚባለው ጥላ የሌለው በረሃ ተዘርግቷል። አስፋልቱ ከመሠራቱ በፊት በዝናብ ወቅት ቀናት ይፈጅ የነበረው ይህ መንገድ ዛሬ በአንድ ቀን ይታለፋል። የሚታለፈው ግን መኪናው እስከሠራ ድረስ ብቻ ነው።

በዚህ መስመር ላይ ከሚሠሩት ሎሪዎችና ፒክአፖች ብዙዎቹ አሮጌ ናቸው። አሮጌ የናፍጣ መኪና ጠንካራ ነው፤ በቀላሉ ይጠገናል፤ ኮምፒውተር አይፈልግም። ንጹሕ ነዳጅ ካላገኘ ግን መንገድ ላይ ይቆማል። ለዚህ መንስኤ ከሚሆኑት ዕቃዎች አንዱ ከአንድ ፍየል ዋጋ በእጅጉ ያነሰ የሚያወጣው የናፍጣ ፊልትሮ ነው። መቀየሩ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ይህ ሥራ ከብት ከመጫኑ በፊት ጋራዥ ውስጥ ሲሠራና ከብት ተጭኖ ዲዳ ገልገሉ ላይ ሲሠራ ያለው ልዩነት ግን የነጋዴውን ሙሉ ትርፍ ሊያሳጣ ይችላል።

ፊልትሮው የሚሠራው ሥራ

ናፍጣ ከታንከሩ ተስቦ ወደ ፖምፓው ይገባል። ፖምፓው በከፍተኛ ግፊት ወደ ኖዝሎቹ ይልከዋል፤ ኖዝሎቹም እንደ ጉም አድርገው ሞተሩ ውስጥ ይረጩታል። ፖምፓው ውስጥ ያሉት ብረቶች እርስ በርስ የሚገጥሙበት ክፍተት ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው። አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ስለሚሆን ዓይን የማያየው አቧራ እንኳ እዚያ ክፍተት ውስጥ ሲገባ እንደ ሞረድ ይፍቃል።

ሁለተኛው ጠላት ውኃ ነው። የፖምፓው ውስጣዊ ብረቶች በአሮጌ መኪኖች ዘንድ በአብዛኛው የሚለሰልሱት በራሱ በናፍጣው ነው። ውኃ ሲገባ ያ ማለስለሻ ይጠፋል፤ ብረቱ ይዝጋል፤ የኖዝሉ ጫፍም ይበላል። ስለዚህ ፊልትሮው ሁለት ሥራ አለው። የታጠፈው ወረቀት አቧራና ዝገት ያስቀራል። ከሥሩ ያለው ጽዋ ወይም ባዶ ቦታ ደግሞ ውኃ ያጠራቅማል። ውኃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ሁልጊዜ ወደ ታች ይወርዳል። የጽዋው ቧንቧ ከታች የተሠራው ለዚህ ነው።

በአንዳንድ ሎሪዎች ላይ ሁለት ማጣሪያ ይገኛል። አንደኛው ከታንከሩ አጠገብ ወይም ሻንሲው ጎን ያለ ውኃ መለያ ነው። ሁለተኛው ሞተሩ አካባቢ ያለ ዋናው ፊልትሮ ነው። ሹፌሩ አንዱን ቀይሮ ሌላውን ከረሳ ሥራው ግማሽ ነው።

ሞያሌ ላይ ለምን ቶሎ ይዘጋል

የፊልትሮ ዕድሜ በመኪናው መመሪያ ላይ በኪሎ ሜትር ተጽፎ ይገኛል። ያ ቁጥር ግን ነዳጁ ከንጹሕ ማደያ እንደሚቀዳ ታስቦ የተቀመጠ ነው። በድንበር ከተማ ኑሮው ሌላ ነው። ነዳጅ በማደያ ሲጠፋ ወይም ዋጋው ሲወደድ ከጀሪካንና ከበርሜል ይቀዳል። ጀሪካኑ ትናንት ዘይት ወይም ውኃ ይዞ ሊሆን ይችላል። በርሜሉ ከውስጥ ዝጎ ይሆናል። ክዳን በሌለው ዕቃ ሲገለበጥ የሞያሌ ቀይ አቧራ አብሮ ይገባል።

የአየሩ ጠባይም አለበት። ቀን ሞቆ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ግማሹ ባዶ በሆነ ታንከር ውስጥ ያለው አየር እርጥበቱን ወደ ጠብታ ይለውጣል። ጠብታው በታንከሩ ግድግዳ ወርዶ ከሥር ይጠራቀማል። ቦረና ጋና በሚሉት የመጋቢት እስከ ግንቦት ዝናብ ደግሞ ክዳኑ በደንብ የማይገጥም ታንከር ወይም ደጅ ያደረ በርሜል በቀጥታ ውኃ ይቀበላል። ውኃና ናፍጣ በሚገናኙበት መስመር ላይ ደቂቅ ሕዋሳት ይራባሉ። ከፊልትሮው ላይ ጥቁር ንፍጥ የመሰለ ነገር ሲገኝ ምንጩ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ፊልትሮ የማያድነው ነገርም አለ። ከናፍጣ ጋር የተቀላቀለ ነጭ ጋዝ በወረቀቱ በኩል እንደ ናፍጣው ያልፋል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2018 በነጭ ጋዝ ላይ በሊትር 18 ሽልንግ ክፍያ የጣለችው ይህን መደባለቅ ለማስቀረት ነበር። ነጭ ጋዝ የማለስለስ ኃይሉ ከናፍጣ ያነሰ ስለሆነ ፖምፓውን ቀስ በቀስ ይጨርሰዋል። አዲስ ፊልትሮ ገጥሞ የተበረዘ ነዳጅ መቅዳት ትርፍ የለውም።

ከጀሪካን መቅዳት ግድ ሲሆን ቀላል ፈተና አለ። ጥቂት ናፍጣ በንጹሕ ሃይላንድ ጠርሙስ ቀድቶ ግማሽ ሰዓት ሳይነካ ማስቀመጥ ነው። ውኃ ካለ ከታች ለብቻው ይታያል። ናፍጣው ጠርቶ ማለፍ ሲገባው ጭጋግ ከመሰለ እርጥበት አለው ማለት ነው። ጀሪካኑ ራሱ ሌሊቱን ሳይነቃነቅ ካደረ በኋላ ከላይ ብቻ ቢቀዳና የታችኛው ሦስት ጣት ያህል ቢቀር አብዛኛው ቆሻሻ ከታንከሩ ውጭ ይቀራል።

ምልክቶቹ

የተዘጋ ፊልትሮ መጀመሪያ የሚያስቸግረው ጭነትና ዳገት ሲገናኙ ነው። ባዶ ሆኖ ሜዳ ላይ ደኅና የሚሄደው መኪና ከብት ጭኖ ከበረሃው ወደ ማርሳቢት ተራራ ሲወጣ ጉልበት ያጣል። ነዳጅ ሲረገጥ ሞተሩ አይመልስም፤ ማርሽ ሲቀነስ ጥቂት ይሻለዋል። ሹፌሩ ጭነቱ በዝቶ ነው ብሎ ያልፈዋል። ከቀናት በኋላ ጠዋት አልነሳ ይላል፤ በመጨረሻም መንገድ ላይ ያቆማል።

ተመሳሳይ ምልክት የሚያሳዩ ሌሎች ብልሽቶች ስላሉ ፊልትሮ ከመግዛት በፊት መለየት ይጠቅማል።

ጭሱን ማየት አንዱ መንገድ ነው። መኪናው ጉልበት ሲያጣ ጥቁር ጭስ ከተፋ ነዳጅ አላነሰውም፤ ያነሰው አየር ነው። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያው ይታይ። ጉልበት አጥቶ ጭስ ከሌለው ግን የነዳጅ እጥረት ይጠረጠራል።

ሁለተኛው የታንከሩ ክዳን ነው። መኪናው ሊቆም ሲል ክዳኑ ሲከፈት አየር ሽው ብሎ ከገባና ሞተሩ ወዲያው ከተሻለው የተዘጋው የታንከሩ መተንፈሻ ነው። ፊልትሮው ጥፋት የለበትም።

ሦስተኛው የአየር መግባት ነው። መኪናው ካደረ በኋላ አልነሳ እያለ፣ በእጅ ፓምፕ ሲመታ ግን የሚነሳ ከሆነ ከታንከር እስከ ፖምፓ ባለው መስመር ላይ አየር የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። በዚህ መስመር ናፍጣው የሚሄደው ተስቦ ስለሆነ ስንጥቁ ወደ ውጭ ሳያንጠባጥብ አየር ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። ደረቅ ቱቦ ሁሉ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ያረጀ የጎማ ቱቦና የላላ ፋሸታ በእጅ ተዳብሰው መታየት አለባቸው።

ውኃን በተመለከተ ምልክቱ ይለያል። ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዴ ነጭ ጭስ ያወጣል። እንደ 1ኤችዜድ ሞተር ባለቸው ላንድክሩዘሮችና በብዙ ሎሪዎች ላይ የፊልትሮ ውኃ መብራት በዳሽቦርዱ ይበራል። አምፖሉ የተቃጠለበት አሮጌ መኪና ግን ማስጠንቀቂያ ስለሌለው የጽዋውን ቧንቧ በየሳምንቱ ከፍቶ ማየት ይገባል። ቧንቧው ተከፍቶ የእጅ ፓምፑ ሲመታ መጀመሪያ ውኃው፣ ቀጥሎ ንጹሕ ናፍጣ ይወጣል። ንጹሑ ሲመጣ ይዘጋል።

መቼ ይቀየር

ለብዙ አሮጌ የናፍጣ መኪኖች የሚሰጠው ምክር ከ10,000 እስከ 20,000 ኪሎ ሜትር ባለው ርቀት ውስጥ ነው። ትክክለኛው ቁጥር የመኪናው መመሪያ ላይ ያለው ነው። ከጀሪካን የሚቀዳና አቧራ የሚበዛበት መኪና ግን ያንን በግማሽ መቀነስ ይኖርበታል።

የኪሎ ሜትር ቆጣሪው የማይሠራ መኪና ብዙ ስለሆነ በጉዞ መቁጠር ይቀላል። ሞያሌ ናይሮቢ ደርሶ መልስ 1,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 10,000 ኪሎ ሜትር ማለት ከስድስት ደርሶ መልስ ትንሽ ከፍ ይላል። 5,000 ደግሞ ከሦስት ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ከማደያ ብቻ የሚቀዳ መኪና በየስድስተኛው፣ ከጀሪካን የሚቀዳ በየሦስተኛው ጉዞ ቢቀይር ሒሳቡ ይያዛል። ረዳቱ በፊልትሮው ላይ ቀኑን በማርከር ቢጽፍ በቀጣዩ ጊዜ ክርክር አይኖርም።

ቀኑን መምረጥም ቁምነገር አለው። የሚሻለው ከገበያ ቀን በፊት ነው። ፊልትሮ በተቀየረ ማግስት ባዶውን ከተማ ውስጥ የዞረ መኪና የሚያንጠባጥብ ወይም አየር የሚያስገባ ከሆነ እዚያው ይታወቃል። ተቀይሮ በዚያው ሰዓት ጭኖ የሚወጣ መኪና ግን ጥፋቱን የሚያሳየው በረሃ ገብቶ ነው።

አቀያየሩ

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፦ ለመኪናው የሚሆን ፊልትሮ ከነጎማ ቀለበቱ፣ ለብሎኖቹ የሚሆኑ ቁልፎች፣ የፊልትሮ መፍቻ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ብሩሽ፣ ናፍጣ መያዣ ዕቃና ሁለት ሊትር ያህል የተጣራ ናፍጣ።

ሱቅ ላይ አሮጌውን ይዞ መሄድ ይመረጣል። ጥርሱ፣ የቀለበቱ ስፋትና ቁመቱ ጎን ለጎን ይታያል። ተመሳሳይ መልክ ያለው የዘይት ፊልትሮ በስሕተት እንዳይሰጥ ቁጥሩን ማንበብ ያስፈልጋል። ከአሠራሩ የሚያጠራጥር፣ ማለትም ቀለበቱ በጉድጓዱ የማይቀመጥ፣ ጥርሱ የሻከረ ወይም ሲነቀነቅ ውስጡ የሚንኳኳ ፊልትሮ ዋጋው ቢረክስም አይገዛም።

መኪናው ሜዳ ላይ ይቆማል። ሞተሩ ጠፍቶ ይቀዘቅዛል፤ የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ ጎማው ታኮ ይደረግበታል። ጋቢናው የሚነሳ ከሆነ መደገፊያው በትክክል መያዙ ሳይረጋገጥ ማንም ከሥሩ አይገባም። በአካባቢው ሲጋራ አይጨስም፤ የሚበየድም ነገር አይኖርም።

የመጀመሪያው ሥራ ማጽዳት ነው። ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። በፊልትሮው ራስ ዙሪያ የተጋገረው አቧራ በብሩሽና በናፍጣ ታጥቦ ካልተወገደ ፊልትሮው ሲፈታ በቀጥታ ወደ ንጹሑ መስመር ይወድቃል። ለመከላከል የተቀየረው ዕቃ ራሱ ቆሻሻ ያስገባል ማለት ነው።

ቀጥሎ ከሥሩ ዕቃ ይቀመጥና የጽዋው ቧንቧ ተከፍቶ ናፍጣው ይፈስሳል። ታንከሩ ከፊልትሮው ከፍ ያለ ከሆነና የመዝጊያ ቧንቧ ካለው ይዘጋል። የውኃ መብራት ሽቦ ካለ ይነቀላል። ከዚያ ፊልትሮው ወደ ግራ እየዞረ ይፈታል። ሲወርድ አሮጌው የጎማ ቀለበት አብሮ መውረዱ ይታይ። ቀለበቱ ራሱ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ ከነቀለበቱ በላዩ ቢገጠም ሁለቱ ጎማዎች በደንብ አይያዙም፤ ናፍጣ ያፈስሳል ወይም አየር ያስገባል።

የፊልትሮው የታች ጽዋ ወይም የውኃ ሴንሰር ተፈትቶ ወደ አዲሱ የሚዛወር ከሆነ የራሱ ቀለበትም ይቀየር። በቆዩ ሎሪዎች ላይ ያለው ፊልትሮ በብረት ጽዋ ውስጥ የሚቀመጥ ወረቀት ብቻ ሊሆን ይችላል። እዚያ ላይ ጽዋው በንጹሕ ናፍጣ ይታጠባል፤ የላይኛውና የታችኛው ቀለበት ሁለቱም ይቀየራሉ፤ ምንጭና ወንፊት ካለው በቦታው መመለሱ ይረጋገጣል።

የአዲሱ ፊልትሮ ቀለበት በጣት ንጹሕ ናፍጣ ይቀባል። ከዚያ በእጅ እየዞረ ይገባል። ቀለበቱ ራሱን ከነካ በኋላ በአምራቹ ጽሑፍ ላይ የተመለከተውን ያህል ይጠብቃል፤ ይህም ለብዙዎቹ ሁለት ሦስተኛ ወይም ሦስት አራተኛ ዙር ያህል ነው። በመፍቻ እስኪያቃስት ማጥበቅ ቀለበቱን ይቆርጠዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜም አይፈታም።

ብዙ መካኒኮች አዲሱን ፊልትሮ ናፍጣ ሞልተው ይገጥሙታል። ሞተሩ ቶሎ ይነሳል፤ አደጋ ግን አለው። የፊልትሮው መካከለኛ ቀዳዳ የተጣራው ናፍጣ ወደ ፖምፓ የሚወጣበት ነው። ከጀሪካን በዚያ ቀዳዳ የተጨመረ ናፍጣ ሳይጣራ ፖምፓው ይገባል። የእጅ ፓምፕ ያለው መኪና ባዶውን ተገጥሞ በፓምፑ ቢሞላ ይሻላል። መሙላት ግድ ከሆነ መሃሉ ተሸፍኖ በዙሪያው ባሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች በኩል ብቻ ይጨመር።

አየር ማውጣት

ፊልትሮ ቀይሮ መኪናው አልነሳ ያለው ሹፌር ብዙውን ጊዜ የሚያጣው ይህችን ደረጃ ነው። መስመሩ ውስጥ የገባ አየር ሲገፋ ስለሚታመቅ ፖምፓው ግፊት መፍጠር አይችልም።

የእጅ ፓምፑ እንደ መኪናው ይለያያል። በላንድክሩዘር ላይ በፊልትሮው ራስ ላይ የሚጫን ቁልፍ ነው። በብዙ አሮጌ ሎሪዎች ላይ በናፍጣ ፖምፓው ጎን ያለ፣ ወደ ግራ ተፈትቶ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመታ እጀታ ነው። በፊልትሮው ራስ ላይ የአየር ማውጫ ብሎን ካለ ጥቂት ይላላል፤ ጨርቅ ይደረግበታል፤ ፓምፑ ይመታል። መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ አረፋ ያለው ናፍጣ፣ በመጨረሻ አረፋ የሌለው ናፍጣ ይወጣል። ያኔ ብሎኑ ይጠብቃል። ፓምፑ እስኪከብድ ድረስ ይመታል፤ እጀታውም ወደ ቦታው ተመልሶ ይቆለፋል።

ከዚያ ሞተሩ ይነሳል። ሞተሪኖው በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ በላይ አይሽከርከር፤ በየመሃሉም አንድ ደቂቃ ይረፍ። አልነሳ ካለ ባትሪ ከመጨረስ ይልቅ ወደ አየር ማውጣቱ መመለስ ይሻላል።

ሞተሩ ከተነሳ በኋላ አምስት ደቂቃ ያህል ይሥራ። በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ በፊልትሮው ዙሪያና በቧንቧው ሥር እርጥበት መኖሩ ይታያል። መኪናው ከቆመ ከአንድ ሰዓት በኋላ ድጋሚ ሲነሳ ያለ ችግር ከተነሳ አየር አያስገባም ማለት ነው።

ከፖምፓው ወደ ኖዝል በሚሄዱት ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ላይ ያለውን ማፍታታት ለመካኒክ መተው ይገባል። በዚያ ያለው ግፊት ናፍጣን በቆዳ ውስጥ ሊያስገባ ይችላል። የገባበት ቦታ ትንሽ ነቁጥ ቢመስልም ጣት ወይም እጅ ሊያሳጣ ስለሚችል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። በኮምፒውተር የሚመሩ አዳዲስ ሞተሮች ላይ ግፊቱ እጅግ ከፍ ያለ ስለሆነ ሞተሩ እየሠራ ወይም እየተሽከረከረ እነዚህን ቱቦዎች ማላላት ፈጽሞ አይገባም።

አቋራጭ የሚመስሉ ጥፋቶች

በመንገድ ላይ ሦስት ልማዶች ይታያሉ።

አንደኛው አሮጌውን ፊልትሮ በቤንዚን አጥቦ ወይም በአየር ነፍቶ መመለስ ነው። የወረቀቱ ቆሻሻ በከፊል ይለቃል፤ ወረቀቱ ግን ይሰነጠቃል። መኪናው ጉልበት ያገኘው ወረቀቱ ስለጸዳ ሳይሆን ስለተቀደደ ሊሆን ይችላል። በዚያ ቀዳዳ የሚያልፈው ቆሻሻ ሁሉ ፖምፓው ይደርሳል።

ሁለተኛው ውስጡን በካቻቪቴ ወግቶ መንዳት ነው። ሦስተኛው ፊልትሮውን ዘልሎ ቱቦውን በቀጥታ ማገናኘት ነው። ሁለቱም መኪናውን ለጊዜው ያስኬዱታል። የተቆጠበው የአንድ ፊልትሮ ዋጋ ነው። ሲፈቅ የሚውለው ፖምፓ ሲበላሽ ግን ጥገናው በፍየል ሳይሆን በበሬ ዋጋ ይቆጠራል። መኪናውም ጋራዥ ውስጥ ቆሞ የሚያመልጡት የገበያ ቀኖች ሌላ ኪሳራ ናቸው።

የሚያዋጣው ሁለት መግዛት ነው። አንዱ ይገጠማል፤ ሌላው ከነማሸጊያው በጋቢና ውስጥ ከመፍቻውና ከንጹሕ ጨርቅ ጋር ይቀመጣል። ቀለበቱ በፀሐይ እንዳይደርቅ ከመስታወት ሥር ይራቅ።

ከብት ተጭኖ መንገድ ላይ ከቆመ

ሁሉም ተደርጎ መኪናው በረሃ ላይ ቢቆም የመጀመሪያው ሥራ ሞተሩ ጋ አይደለም። የሚሄድ ሎሪ ከብቱን ነፋስ ያገኘዋል። የቆመ ሎሪ ላይ ያ ነፋስ ይጠፋል። ተጠጋግተው የቆሙ እንስሳት የራሳቸው ሙቀት እርስ በርስ ያግላቸዋል። ከብት ከረጅም መንገድ የተነሳ ሳይበላና ሳይጠጣ ሲቆይ ከክብደቱ ከመቶ 5 እስከ 10 ሊያጣ ይችላል። ሙቀት ሲጨመርበት የተኛው አይነሳም፤ ፍየል ደግሞ በማዕዘን ተደራርቦ ይታፈናል።

ስለዚህ መኪናው ከመቆሙ በፊት እየጎተተም ቢሆን ከመንገዱ ወጥቶ ነፋስ በጎን የሚያገኘው ቦታ ላይ ይቁም። የማስጠንቀቂያ ምልክት ከፊትና ከኋላ ይቀመጥ። ሸራ ካለ ጎኑ ይገለጥና ጣሪያው ለጥላ ይተው። አንድ ሰው ከላይ ወጥቶ የወደቀውን ያስነሳ፤ ውኃ ካለ ለደከሙት ይስጥ። ሌላው ፊልትሮውን ይቀይር። መወጣጫ በሌለበት ከብቱን ከሎሪው አስፋልት ላይ ማስዘለል እግር ይሰብራል። ማውረድ የግድ ከሆነ አፈር የተቆለለበት ወይም ሎሪው በኋላው ተጠግቶ ከፍታው የሚቀንስበት ቦታ ይፈለጋል።

መለዋወጫ ያለው መኪና ከዚህ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይነሳል። የሌለው ወደ ማርሳቢት ወይም ወደ ሞያሌ በሚሄድ መኪና ሰው ልኮ ይጠብቃል። እንስሳቱ ኪያማይኮ ወይም ሌላ ገበያ ሲደርሱ ገዢው ስለ ፊልትሮው አይጠይቅም፤ የሚያየው የጎደለውን ሥጋና የተጎሳቆለውን መልክ ነው።

አሮጌው ፊልትሮና የፈሰሰው ናፍጣ

የወጣው ናፍጣ መሬት ላይ፣ በተለይ በኤላና በኩሬ አጠገብ አይደፋም። ከብት፣ በተለይ የጠማው ወይም ጨው ያማረው፣ ነዳጅና ዘይት የነካውን ነገር ይልሳል፤ የቆመ ፈሳሽም ይጠጣል። ናፍጣ ወደ ሳንባ ሲገባ የሳንባ ምች ያመጣል። ከዚህ የታመመ ከብት ለማዳን ይከብዳል። ናፍጣ የጠጣ ከብት ሲገኝ እንዲያስታውክ መሞከር ወይም በአፉ በግድ ፈሳሽ መጋት ፈሳሹን ወደ ሳንባ ሊልከው ስለሚችል መተው፣ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ይገባል።

አሮጌው ናፍጣ በክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ። ፊልትሮው ናፍጣው ተንጠፍጥፎ ከእንስሳት በራቀ ቦታ ይወገድ። ናፍጣ የያዘ ጀሪካንም ተመልሶ ለከብት ውኃ መቅጃ እንዳይሆን ምልክት ይደረግበት።

ነጋዴው ሎሪ ሲከራይ ስለ ጎማና ስለ ፍሬን እንደሚጠይቀው ሁሉ ፊልትሮው የተቀየረበትን ቀን ቢጠይቅ፣ መለዋወጫው በጋቢና ውስጥ መኖሩንም በዓይኑ ቢያይ አያስነቅፈውም። ጥያቄው ግማሽ ደቂቃ ይወስዳል። ሹፌሩ ቀኑን ካላወቀ ደግሞ ከብቱ ገና ሞያሌ በረት ውስጥ እያለ ለመቀየር ጊዜ አለ።